ከስኳድራ እስከ ደብተር፦ የመርካቶ ጂኦሜትሪ



መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የገባ ባዶ በርሜል በርሜልነቱ ብዙ አይቆይም። ከላይና ከታች ያሉት ክዳኖቹ በመሮ ተመትተው ይነሳሉ። ጎኑ ከላይ እስከ ታች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሰነጠቃል፤ ከዚያ መዶሻ ይወርድበትና ይዘረጋል። ዘይት ወይም ነዳጅ ሲይዝ የኖረው ዕቃ አሁን ሦስት ጠፍጣፋ ቁራጭ ሆኗል፦ ሁለት ክብና አንድ ሬክታንግል።

የተለመደው የ200 ሊትር በርሜል ዲያሜትሩ 57 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ቁመቱ 88 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተዘረጋው ላሜራ አንደኛው ጎኑ ያው 88 ነው። ሌላኛው ጎን ግን 179 ይጠጋል። ይህ ቁጥር በርሜሉ በቆመበት ጊዜ በዓይን አይታይም ነበር፤ ዙሪያውን ተጠምዞ የኖረ ርዝመት ነው። 57ን በ3.14 ያባዛ ሰው ያገኘዋል። በሙያው የቆየ ቀጥቃጭ ደግሞ ሳያባዛም ያውቀዋል፤ የበርሜሉን አፍ ስፋት ሦስት ጊዜ ወስዶ ከዚያ ትንሽ እንደሚተርፍ ሥራው አስተምሮታል።

ከዚሁ ተራ ብዙም ሳይርቅ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ፣ አንድ ተማሪ የክብ መጠነ ዙሪያ ፓይ ሲባዛ በዲያሜትር እንደሆነ ይሸመድዳል። ፈተና ላይ በትክክል ይጽፈዋል። በርሜል አቁመው «ይህ ቢዘረጋ ስንት ሜትር ይወጣዋል?» ቢሉት ግን ያንኑ ቀመር ማውጣት ላይታሰበው ይችላል። ቀጥቃጩ ነገሩን ይዞ ስሙን አላገኘም፤ ተማሪው ስሙን ይዞ ነገሩን አላየም።

ይህ ዲስኩር የሚለው ነገር አጭር ነው። ልጅ ቅርጽን ቀድሞ በእጁ ይወቀው፤ ስሙን ቀጥሎ ይስማ፤ ከዚያ «ለምን?» ብሎ ይጠይቅ። መርካቶ የመጀመሪያው ሞልቶ የተረፈበት ሰፈር ነው። ሁለተኛው ያለው ትምህርት ቤት ነው። ሦስተኛው የሚገኘው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

መርካቶ ራሱ በማስመሪያ የተጀመረ ገበያ ነው። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ አራዳ ላይ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያን ከተማዋን በያዘባቸው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ኢግናዚዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉት አርክቴክቶች ባወጡት የከተማ ፕላን የአገሬው ሰው ገበያ ከጣሊያኖቹ ሰፈር ተለይቶ ወደ ምዕራብ ተገፋ። ዓላማው ነጭና ጥቁርን መለያየት ነበር። ወረቀቱ ላይ የሰመረው ንድፍ ደግሞ ማንም የጂኦሜትሪ ተማሪ የሚያውቀው ነው፦ እኩል ርቀታቸውን ጠብቀው ጎን ለጎን የሚሄዱ መንገዶች፣ እነሱን በ90 ዲግሪ የሚያቋርጡ ሌሎች መንገዶች። የመጀመሪያዎቹ እርስ በርሳቸው ትይዩ ናቸው፤ የሚያቋርጧቸው ደግሞ ለእነሱ ቀጤ ነክ ናቸው። ሰውና ሸቀጥ፣ መኪናና ሸክም ከላዩ ሞልቶበት ዛሬ ፕላኑ ከመሬት ላይ አይታይ ይሆናል፤ ከሰማይ በተነሳ ፎቶ ግን ብዙው መስመር አሁንም እንደተሰመረ አለ።

አሮጌው ገበያ የነበረበት የጊዮርጊስ ካቴድራል በአንጻሩ ባለ ስምንት ጎን ነው። ጎኖቹም ዘዌዎቹም እኩል የሆኑለት ባለ ስምንት ጎን ቅርጽ እያንዳንዱ የውስጥ ዘዌው 135 ዲግሪ ነው። ቁጥሩን ማንም ሊያወጣው ይችላል። ከመሀል ነጥብ ወደ ስምንቱም ጥጎች መስመር ቢሰመር ስምንት ጎነ ሦስቶች ይወጣሉ። የእያንዳንዳቸው ዘዌዎች ድምር 180 ስለሆነ ሁሉም ባንድ ላይ 1440 ይሆናሉ። መሀል ላይ የተሰበሰበው 360 ሲቀነስ 1080 ይተርፋል፤ ለስምንት ሲካፈል 135። እንግዲህ ከአራዳ ወደ መርካቶ የሚወርድ ተማሪ ከ135 ዲግሪ ተነስቶ ወደ 90 ዲግሪ እየሄደ ነው።

በመጽሐፍ ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከነጥብና ከመስመር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ በእስክንድርያ ያስተምር የነበረው ዩክሊድ «ኤለመንትስ» የተባለውን ሥራውን የከፈተው ነጥብ ምንድን ነው፣ መስመር ምንድን ነው በሚሉ ፍቺዎች ነው። ለአሥር ዓመት ልጅ ግን ስፋት የሌለው ነጥብ፣ ውፍረት የሌለው መስመር ነፋስ መጨበጥ ነው። ግንበኛ ሁለት ሚስማር መትቶ ሲባጎ ሲወጥር ቢያይ ይቀለዋል። ሁለት ሚስማር አንድ ቀጥተኛ መስመር ይወስናል፤ በሁለቱ መካከል ከተወጠረው ሲባጎ ያጠረ መንገድ የለም። ሲባጎው ውፍረት አለው፣ ሚስማሩም ስፋት አለው። መምህሩ ከዚህ ተነስቶ «ሲባጎው እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ቢሄድስ?» ቢል ፍቺው ከሰማይ የወረደ መሆኑ ይቀርና ከሥራው የተቀዳ ይሆናል።

ቱንቢና ውሃ ልክም እንዲሁ ናቸው። ቱንቢ ከላይ ወደ ታች ያለውን፣ ውሃ ልክ ደግሞ አግድሙን ያሳያል፤ ሁለቱ የሚገናኙት ሁልጊዜ በ90 ዲግሪ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ቀጤ ነክ መስመሮች ብዙውን ጊዜ አንዱ ተኝቶ ሌላው ቆሞ ስለሚሳሉ ልጆች ቀጤ ነክ ማለት «የቆመ» ማለት ይመስላቸዋል። ደብተሩን ትንሽ ዘወር አድርጎ «አሁንስ ቀጤ ነክ ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ብዙዎቹ ያመነታሉ።

በመርካቶ ከዘዌ ሁሉ እንጀራ የሚበላበት ይህ 90 ዲግሪው ነው። የበርና የመስኮት ብረት ሠሪዎች አንጎላሬና ቱቦላሬ የሚባሉትን ብረቶች ቆርጠው ሲገጥሙ ጥጉን 90 ዲግሪ በሚይዘው መሣሪያ፣ በስኳድራ፣ ይይዙታል። ስኳድራ ከሌለ ሜትር ይበቃል። ከጥጉ ተነስቶ በአንደኛው ጎን 60፣ በሌላኛው 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት ይደረግና በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ይለካል። 100 ከመጣ ጥጉ ልክ ነው። 98 ከመጣ ጠቧል፤ መጽሐፉ ሹል ዘዌ ይለዋል። 102 ከመጣ ተከፍቷል፤ ዝርጥ ዘዌ ሆኗል። 60 በ60 ሲባዛ 3600፣ 80 በ80 ሲባዛ 6400፣ ድምሩ 10000፣ ይህም 100 በ100 ነው። ትምህርት ቤት ይህን የፓይታጎረስ ቴረም ብሎ ያስተምረዋል። ባቢሎናውያን ከፓይታጎረስ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድመው በሸክላ ጽላት ላይ እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን ጽፈዋል።

አንድ የበር ፍሬም ወርዱ 90፣ ቁመቱ 210 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ሠሪው አራቱን ጎን ለክቶ ትክክል ቢያገኝም ገና አልጨረሰም። ትይዩ ጎኖቹ እኩል ሆነው የተንጋደደ ፍሬም ሊኖር ይችላል፤ እሱ ፓራሌሎግራም ነው፣ በሩም አይገጥምለትም። ስለዚህ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ይለካል፣ ከዚያም በሌላኛው ሰያፍ። ሁለቱም 228 ተኩል ገደማ ከመጡ ፍሬሙ ሬክታንግል ሆኗል። ካልመጡ የረዘመው ሰያፍ ባለበት በኩል በመዶሻ መታ መታ ይደረጋል።

ይህ ብልሃት የእኛ ብቻ አይደለም። በሞዛምቢክ ለረጅም ዓመታት ያስተማረውና በ2014 እ.ኤ.አ. ያረፈው የሂሳብ ምሁር ፓውሉስ ገርደስ የዚያ አገር ገበሬዎች ቤት ሲመሠርቱ የሚጠቀሙበትን ዘዴ ጽፎ አስቀርቷል። ሁለት እኩል ገመድ ወስደው መሀል ለመሀል ያስሩና አራቱን ጫፍ ይወጥራሉ። አራቱ ጫፎች ያረፉበት ቦታ የሬክታንግል አራት ጥግ ነው። ዲግሪ የሚለካ መሣሪያ አልተነካም። ይህ ዘዴ ለምን እንደማይስት ኋላ እንመለስበታለን።

የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ጂኦሜትሪ በግብፅ የተጀመረው በጎርፍ ምክንያት ነው ይላል፤ ወንዙ የእርሻ ድንበር ሲያጠፋ ግብር ለመጣል መሬቱ እንደገና መለካት ነበረበት። ያንን ጎርፍ በአብዛኛው ያመጡ የነበሩት በክረምት የሚሞሉት ዓባይና ተከዜ ናቸው። እንደ ሄሮዶቱስ አባባል ከሆነ የጎጃምና የሰሜን ዝናብ በሩቅ አገር የሰው ድንበር እያጠፋ ለዓለም የመጀመሪያውን የጂኦሜትሪ የቤት ሥራ ሰጥቷል ማለት ነው።

ከአራት ጎን ወደ ሦስት እንውረድ። አራት የእንጨት ቁራጭ በየጥጉ በአንድ በአንድ ሚስማር ብቻ ቢያያዝ በእጅ ሲገፋ ይንጋደዳል። ሦስት ቁራጭ ግን ቢገፉትም አይንጋደድም፤ የሦስቱ ጎኖች ርዝመት ከታወቀ ቅርጹ አንድ ብቻ ነውና። ትልቅ የብረት በር ላይ በሰያፍ የሚበየደው ብረት ጌጥ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ሥራው ግን አራት ጎኑን ለሁለት ጎነ ሦስት መክፈል ነው። የጣሪያ እንጨቶችም የሚገጠሙት በጎነ ሦስት ነው፤ ምክንያቱ ያው ነው።

ባለ ሦስት እግር በርጩማ በጎርባጣ መሬት ላይም አይነቃነቅም። ባለ አራት እግር ጠረጴዛ ግን በደህና ወለል ላይ እንኳ አንዳንዴ ወረቀት ታጥፎ ከሥሩ ይገባለታል። በአንድ መስመር ላይ ያልሆኑ ሦስት ነጥቦች ሁልጊዜ አንድ ጠለል ላይ ያርፋሉ፤ አራተኛው ነጥብ ግን ከዚያ ጠለል ላይ ሊወጣ ይችላል። ጉልቻ ሦስት የሆነው በዚህ ነው።

ልጆች ጎነ ሦስትን በስሙ ከመጥራታቸው በፊት በመልኩ ያውቁታል፤ ችግሩም እዚያው ይጀምራል። ሆላንዳውያኑ ባልና ሚስት ፒየርና ዲና ቫን ሂለ በ1957 እ.ኤ.አ. በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጥናት ልጆች ጂኦሜትሪን በደረጃ እንደሚማሩ አሳዩ። በመጀመሪያው ደረጃ ልጁ ቅርጽን የሚያውቀው በጠቅላላ መልኩ ነው። በሁለተኛው ጎኑንና ዘዌውን ይቆጥራል። በሦስተኛው አንዱን ቅርጽ ከሌላው ጋር ያዛምዳል። ከዚያ በላይ ማረጋገጫ ይመጣል። መምህሩ በሦስተኛው ደረጃ ሲናገር ልጁ በመጀመሪያው ላይ ከሆነ ሁለቱ በአንድ ቋንቋ እያወሩ አይሰማሙም።

ለዚህ የሳምቡሳ ሰሀን ጥሩ መፈተኛ ነው። ሳምቡሳው ሹሉ ወደ ላይ ሆኖ ሲቀመጥ ልጁ «ጎነ ሦስት!» ይላል። ሹሉ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ሲሆን ግን አንዳንዱ ዝም ይላል፤ በመጽሐፉ ላይ ያየው ሁሉ በመሠረቱ የተቀመጠ ነበርና። ካሬም በጥጉ ሲቆም «ዳይመንድ» ይሆንበታል። ሰሀኑን ማዞርና «አሁን ምን ተለወጠ? ጎኑ? ዘዌው? ቁጥራቸው?» ብሎ መጠየቅ ልጁን ከመጀመሪያው ደረጃ ወደ ሁለተኛው ያሻግረዋል።

ሦስተኛው ደረጃ ላይ ብዙ አዋቂም ይሰናከላል። «ካሬ ሬክታንግል ነው?» ሲባል ብዙ ሰው «አይደለም፣ ካሬ እኩል ነው፣ ሬክታንግል ረዘም ያለ ነው» ይላል። ሸማ ተራ ላይ ግን ይህ ጥያቄ አያስቸግርም። ነጠላ ሁሉ ሸማ ነው፤ ሸማ ሁሉ ነጠላ አይደለም፣ ጋቢም አለና። ልክ እንደዚያው አራቱም ዘዌው 90 ዲግሪ የሆነ ጎነ አራት ሁሉ ሬክታንግል ነው፤ ከእነዚያ ውስጥ አራቱም ጎኑ እኩል የሆነው ካሬ ይባላል። ሬክታንግሉ በተራው ከፓራሌሎግራም፣ ፓራሌሎግራሙ ከጎነ አራት፣ ጎነ አራቱ ከጎነ ብዙ ውስጥ ነው። ስለ ፓራሌሎግራም እውነት የሆነ ሁሉ ስለ ካሬም እውነት ነው። ተማሪው ይህን ሲረዳ የሚሸመድደው ነገር ብዙ ይቀንስለታል።

ካሬ የሚለው ቃል በገበያው ሌላ ሥራም አለው። «ባለ 4 ካሬ ሱቅ» ሲባል ስፋቱ አራት ካሬ ሜትር ነው፤ 2 በ2 ሊሆን ይችላል፣ 1 በ4ም ሊሆን ይችላል። «4 በ4» ሲባል ግን 16 ካሬ ሜትር ነው፤ አራት እጥፍ። ኪራይ በካሬ በሚቆጠርበት ሰፈር እነዚህን ሁለት አባባሎች መለየት ከፈተና ውጤት በላይ ያስከፍላል።

ስፋትና ዙሪያም ይምታታሉ። ሸራ ተራ የሄደ ሰው 20 ካሬ ሜትር ሸራ ይፈልጋል እንበል። 4 በ5 ቢያሠራው ዙሪያው 18 ሜትር ነው። 2 በ10 ቢያሠራው ጨርቁ ያው 20 ካሬ ሜትር ሆኖ ዙሪያው 24 ሜትር ይሆናል። የገመድ ቀዳዳ በየግማሽ ሜትሩ የሚመታ ከሆነ የመጀመሪያው 36 ቀዳዳ፣ ሁለተኛው 48 ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ጠርዙን ለመስፋት የሚሄደው ክርም እንዲሁ ይጨምራል። መጠነ ስፋቱ እኩል የሆነ ሁሉ መጠነ ዙሪያው እኩል አይደለም። ይህን ዓረፍተ ነገር ከመጽሐፍ ያነበበ ይረሳዋል፤ ለ12 ተጨማሪ ቀዳዳ የከፈለ አይረሳውም።

ወደ ክብ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። የፌሮ ብረት የሚጠራው በዲያሜትሩ ነው፦ ባለ 6፣ ባለ 8፣ ባለ 12፤ ቁጥሩ ሚሊ ሜትር ነው። ለነገሩ አዲስ የሆነ ሰው ባለ 12 ፌሮ ከባለ 6 እጥፍ ይከብዳል ብሎ ያስባል። ሚዛን ግን ሌላ ይላል፦ ባለ 6 በሜትር 222 ግራም፣ ባለ 12 በሜትር 888 ግራም ነው፤ አራት እጥፍ። ዲያሜትር እጥፍ ሲሆን የክቡ ስፋት እጥፍ በእጥፍ ይባዛል። የክብ መጠነ ስፋት ፓይ ሲባዛ በሬዲየስ ሲባዛ በሬዲየስ ነው የሚለው ቀመር ሬዲየስን ሁለት ጊዜ የሚጠራው ለዚህ ነው።

ምጣድ ላይም ያው ነው። 50 ሳንቲ ሜትር ምጣድና 60 ሳንቲ ሜትር ምጣድ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነታቸው ጥቂት ይመስላል፤ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ነው። የእንጀራቸው ስፋት ግን 25 ለ36 ነው፤ ትልቁ በ44 በመቶ ይበልጣል፣ ሊጡንም በዚያው ልክ ይበላል።

ለዚያ ምጣድ ከላሜራ አክንባሎ የሚሠራ ቀጥቃጭ ደግሞ ከክብ ወደ ሾጣጣ ይሄዳል፤ መጽሐፉ ኮን የሚለው ነው። ሬዲየሱ 36 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ይቆረጥ። ከዚያ ላይ ከመሀል ነጥቡ ጀምሮ አንድ ስድስተኛው፣ ማለትም የ60 ዲግሪ ቁራጭ ይነሳ። የቀሩት ሁለት ጠርዞች ሲገናኙ ብረቱ ራሱ ከፍ ይላል። የቀረው ዙሪያ የመጀመሪያው አምስት ስድስተኛ ስለሆነ የአፉ ሬዲየስም የ36 አምስት ስድስተኛ፣ ማለትም 30 ይሆናል፤ ዲያሜትሩ ልክ 60። ከፍታውን ፓይታጎረስ ይነግረናል፦ 36 በ36 ሲባዛ 1296፣ ከዚያ 900 ሲቀነስ 396፣ ስኩዌር ሩቱ 20 ሊሞላ ጥቂት የጎደለው። ለማጠፊያ ጥቂት ብረት ከተተወለት የ60 ምጣድ ክዳን ከ20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ጋር ወጣ። አንድ ዕቃ ብቻ ሠርቶ ተማሪው ሬዲየስን፣ ዘዌን፣ ዙሪያንና ፓይታጎረስን ነካ።

ሰፌድ የምትሰፋ ሴት አክርማና ስንደዶዋን ይዛ ከመሀል ጀምራ ዙሪያውን ትሄዳለች። የአንዱ ዙር ውፍረት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ አዲስ ዙር ካለፈው በ3.14 ሳንቲ ሜትር መርዘም አለበት፤ መሀል አካባቢም ሆነ ጠርዝ ላይ ጭማሪው አይለወጥም። ከዚያ ካነሰ ሰፌዱ ዳር ዳሩ ይነሳና ወደ መሶብ ያደላል። ከበለጠ ይሸበሸባል። የሰፌድና የመሶብ ልዩነት በዚህ ጭማሪ ውስጥ ነው፤ ሰፊዋ የምትቆጣጠረው በጣቶቿ ነው።

ልብስ ሰፊም ወገቡ 69 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክሎሽ ቀሚስ ሲቆርጥ ጨርቁን አራት እጥፍ ያጥፍና ከታጠፈው ጥግ 11 ሳንቲ ሜትር ለክቶ ቅስት ያሰምራል። 69 ለ6.28 ሲካፈል 11 ነው፤ ሬዲየሱ እሱ ነው።

እንግዲህ መርካቶ ይህን ሁሉ ካወቀ ትምህርት ቤት ለምን ያስፈልጋል ይባል ይሆናል። መልሱን አንድ ጥናት ይጠቁማል። ተመራማሪዎቹ ቴሬዚኛ ካራኸር፣ ዴቪድ ካራኸርና አናሉሲያ ሽሊማን በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ በብራዚሏ ረሲፌ ከተማ ገበያ የሚሸጡ ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆኑ አምስት ልጆችን አጠኑ። ልጆቹ ከደንበኛ ጋር ሲገበያዩ ከተጠየቁት ሂሳብ 98 በመቶውን በትክክል መለሱ። ያው ሂሳብ በወረቀት ላይ በቁጥር ብቻ ሲቀርብላቸው 37 በመቶ ብቻ አገኙ። ይህን ጥናት የሚጠቅሱ ብዙዎች ትምህርት ቤቱን ይወቅሱበታል። ተገቢም ነው። ሌላ ነገርም ግን ያሳያል፦ በአንድ ዓይነት ሥራ የተማሩት ብልሃት በራሱ እግር ወደ ሌላ ቦታ አይሄድም። አክንባሎ የሚቆርጠው ሰው የጭስ ማውጫ ቆብ ቁረጥ ቢባል ምናልባት እንደገና በሙከራ ይጀምራል። ኮንን የሚያውቅ ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል።

ሌላው የትምህርት ቤት ስጦታ «ለምን» የሚለው ነው። የሞዛምቢክን ሁለት ገመዶች እናስታውስ። ሁለቱ እኩል ናቸው፣ የታሰሩትም መሀል ለመሀል ነው። ስለዚህ ከቋጠሮው እስከ አራቱም ጫፍ ያለው ርቀት እኩል ነው። አሁን የአንዱን ገመድ ሁለት ጫፎች ከሌላው ገመድ አንድ ጫፍ ጋር ብናገናኝ አንድ ጎነ ሦስት ይወጣል፤ ከቋጠሮው ወደዚያ ጫፍ የሚሄደው ግማሽ ገመድ ለሁለት ይከፍለዋል። ሁለቱም ክፋዮች ሁለት ሁለት እኩል ጎን አላቸው፤ ስለዚህ ሁለት ሁለት እኩል ዘዌ አላቸው። የትልቁ ጎነ ሦስት ዘዌዎች ድምር እንግዲህ የአንደኛው ዘዌ ሁለት ጊዜና የሌላኛው ዘዌ ሁለት ጊዜ ነው፤ ይህም 180። አንድ አንዱ ሲደመር 90። ጥጉ ላይ የተገናኙትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። አለቀ። ገመዱ አጭርም ይሁን ረጅም፣ ፍሬሙ የመስኮትም ይሁን የመጋዘን ዘዴው አይስትም። ይህን እርግጠኝነት በሺህ ፍሬም መለካት አይሰጥም፤ ይህ የስድስት መስመር ክርክር ሰጠ።

ከዚህ ሁሉ ጋር የቋንቋ ነገር አለ። በአዲስ አበባ በአማርኛ የሚማር ልጅ እስከ 6ኛ ክፍል ዘዌ፣ ጎነ ሦስት፣ መጠነ ዙሪያ፣ ትይዩ እያለ ይማራል። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሂሳብን በእንግሊዝኛ ይማራልና እነዚህ ሁሉ በአንድ መስከረም አንግል፣ ትራያንግል፣ ፔሪሜትር፣ ፓራለል ይሆናሉ። አባቱ ወይም አጎቱ ደግሞ በሱቅ ውስጥ ጥግ፣ ስኳድራ፣ ዙሪያ፣ ሰያፍ ይላሉ። አንዱ ነገር ሦስት ስም ያዘ። ሦስቱ ስሞች የአንድ ነገር መሆናቸውን ማንም ካልነገረው ልጁ ሦስት የተለያዩ ነገሮች የተማረ ይመስለዋል። 7ኛ ክፍል ላይ «ጂኦሜትሪ ከበደኝ» ከሚሉት ልጆች አንዳንዶቹ የከበዳቸው ቅርጹ ላይሆን ይችላል።

ለአዲስ ከተማ መምህራንና ወላጆች የሚቀርበው ሐሳብ እንግዲህ ወጪ የሌለው ነው። 6ኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ በሐምሌና በነሐሴ አንድ ደብተር በአራት ዓምድ ያስምር። በመጀመሪያው ዓምድ የሱቁን ቃል፣ በሁለተኛው የአማርኛውን መጽሐፍ ቃል፣ በሦስተኛው መስከረም የሚጠብቀውን የእንግሊዝኛ ቃል ይጻፍ። ቃሉን ከመጻፉ በፊት ነገሩን በሜትርና በሲባጎ ይለካው፤ የሚለካው ዕቃ በየተራው ሞልቷል። ወላጅ ወይም የሱቅ ጎረቤት «ይህን እንዴት ልክ መሆኑን ታውቃለህ?» ተብሎ በልጁ ሲጠየቅ ታግሶ ያሳየው።

አራተኛው ዓምድ ለ«ለምን» ነው፤ ባዶውን ቢቆይም ግድ የለም። ለመጀመሪያ ሥራ ጣሳ፣ ምጣድ፣ ሰፌድና የመኪና ጎማ ይበቃሉ። ልጁ የእያንዳንዱን ዙሪያ በሲባጎ ለክቶ ለዲያሜትሩ ያካፍል። በጥንቃቄ ከለካ ከጣሳውም ከጎማውም 3.1 እና ትንሽ ያገኛል። መጠናቸው እንዲህ ተራርቆ ሳለ አንድ ዓይነት ቁጥር ለምን ሰጡ የሚለውን በአራተኛው ዓምድ ይጻፍና መስከረም ላይ መምህሩን ይጠይቅ።